በአማና የተቀመጠው ሰፍነግ

ጥቅምት ፳፫ ቀን ፳፻፲፫ ዓ.ም. ሰኞ ረፋድ ላይ፤ የተከዜ ሐይቅ የክረምቱን ጎርፍ ጠጥቶ እስከ አፉ ሞልቶ፤ በአበርገሌ ቆላ መካከል ጸጥ ብሎ ተኝቶ ነበር። ውኃው በዕድሜው ገና ልጅ ነው፤ ግድቡ ታጥሮ ወንዙ ወደ ኋላው መተኛት ከጀመረ ቢበዛ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ነገር ግን በዚያ አጭር ዕድሜው የዋጠው ብዙ ነበረ፤ የማሽላ ማሳ ውጧል፤ የከብት ማጠጫ ውጧል፤ የማዶና የወዲህ ሰዎች ሲሻገሩ የሚያርፉበትን መልካና በመልካው አፍ የቆመውን ትልቅ ሾላ ውጧል። ግድቡን የመረቁት ሹማምንት ስንት ሜጋ ዋት እንደሚያመነጭ በቃላቸው ያውቁ ነበር፤ የሾላውን ጥላ ግን የለካው አልነበረም።

በወዲህኛው ዳር፤ አሳ አስጋሪዎች በሠሩት የቆርቆሮ ዳስ ሥር፤ ለተሥላሴ የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ቢላዋዋን በድንጋይ እየሳለች ቆማለች። ሥራዋ አሳ መሰንጠቅ ነው። ከኒሯቅ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያስወጣት የእናቷ ሕመም ሲሆን፤ ከትምህርት ቤቱ ወጣች እንጂ ከመጽሐፉ አልወጣችም፤ አንድ መምህር ሲዛወር ጥሎት የሄደውን የአሥራ አንደኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍ ሽፋኑ እስኪገነጠል አንብባዋለች፤ የማታውቀውን የእንግሊዝኛ ቃል ከስልኳ እየፈለገች በገጹ ግርጌ በአማርኛ ጽፋበታለች። እውቀቱን ማንም ስላልሰጣት በእውቀቱ ለማንም አንገቷን አትደፋም ነበር፤ ምላሷም ከቢላዋዋ አይደንዝም ነበር።

የዚያን ዕለት የምትጠብቀው አሳ አልነበረም። የምትጠብቀው አንድ ቅርንጫፍ እንጨት ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከዓመት በፊት ነው። አስጋሪዎቹ መረባቸውን ከሰጠሙት ዛፎች መካከል ሲጎትቱ ክንዳቸውን እሳት የመሰለ ማሳከክ ይይዛቸዋል፤ በዛፎቹም ላይ ግራጫና ሸካራ ቅርፊት የመሰለ ነገር ተጣብቆ ይታያል፤ ስሙንም የውኃ ሳማ ብለውታል። ከአስጋሪዎቹ መካከል አንዱ ትእዛዙ ካሤ ነበር፤ ለተሥላሴን ያጨ፤ ለጥር የተቀጠረ ሙሽራ። አንድ ቀን ክንዱን እያከከ መጥቶ፤

“ይኸ እርግማን ነው መቼም፤” አላት።

“እርግማን ማገዶ ይለቅማል?” አለችው። “ዛፍ ላይ ካልሆነ አያርፍም እኮ። እስቲ አምጣልኝ።”

ከቅርፊቱ ጥቂት ፍቃ በበረኪና ውስጥ ዘፈዘፈችው፤ ሥጋው ሁሉ ሟሙቶ ከሥሩ እንደ አመድ የነጣ ዝቃጭ ቀረ። ይህንን በአሮጌ የመድኃኒት ብልቃጥ አድርጋ ወደ ኒሯቅ ወጣች፤ በጤና ጣቢያው የቤተ ሙከራ ባለሙያ ወደሆነው ወደ ሚፍታሕ፤ የሰቆጣዋ ነጋዴ የሰይዳ ልጅ ነው።

“ይህ ማይክሮስኮፕ የወባ ነው፤ ለተ፤” አላት ሚፍታሕ።

“ወባው ለአምስት ደቂቃ ፈቀቅ ይበልልኝ።”

ሚፍታሕ እየሳቀ ጠብታውን በመስተዋቱ ላይ ዘረጋ፤ አጎንብሶ አየና ሳቁን አቋረጠ። “መርፌ ነው፤” አለ ቀስ ብሎ። “በሺህ የሚቆጠር መርፌ። እንደ ጠርሙስ ያንጸባርቃል።” ለተሥላሴ በተራዋ አጎነበሰች፤ ሁለት ጫፉ የሾለ፤ ከፀጉር የቀጠነ የመስተዋት መርፌ በመርፌ ላይ ተነባብሮ አየች፤ የአስጋሪዎቹን ክንድ የሚያቃጥለው ምን እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ገባት፤ በመጽሐፉም ስድሳ ሦስተኛ ገጽ ላይ ያለው ሥዕል ትዝ አላት። ሰፍነግ ነው፤ ዓይን የሌለው፤ አፍ የሌለው፤ ከተጣበቀበት የማይነቃነቅ፤ ውኃን በሰውነቱ ሁሉ እየጠጣ መልሶ የሚተፋ እንስሳ።

ወደ ሐይቁ ተመልሳ ይህን ስትናገር አንጋፋው ቀዛፊ አያ የሻምበል ቆባቸውን አወለቁ። “ሰፍነግማ በስቅለት የምንሰማው ነው፤ ሆምጣጤ የነከሩበት።”

“የዚያ ወገን ነው፤ አያ። ያ የጨው ባሕሩ ነው፤ ይህ የኛው ነው።”

“እና እንስሳ ነው አልሽ። ታዲያ ይህን በጾም የነካ እጅ እንዴት ሊሆን ነው?”

“መንካቱስ አይገድፍም። እንዳይበሉት ብቻ፤ ቢበሉት ጉሮሮዎን መልሶ ይበላዎታል።”

በዳሱ ምሰሶ ላይ፤ ከዓመታት በፊት ስለ አሳ ሊያጠኑ የመጡ ሰዎች የለጠፉት ወረቀት ነበር፤ በግርጌው የአንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ስልክ ተጽፎበታል፤ ዶክተር ወልደ ጻድቅ ይባላሉ። ደወለች። ዶክተሩ መጀመሪያ ታገሷት፤ ቀጥለው ተገረሙባት፤ በመጨረሻ ወንበራቸውን ስበው ሲቀመጡ በስልኩ ውስጥ ተሰማት። “በአገራችን ሐይቆች ስለ ሰፍነግ የተጻፈው ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም፤” አሏት። “ነገር ግን የኔ እኅት፤ ወገኑን የሚለየው የገላው መርፌ ብቻ አይደለም። ውኃ ሲጎድልበት ከሥሩ የጤፍ ቅንጣት የሚያክል ቢጫ ፍሬ ያበጃል፤ እርሱ ይሞታል ፍሬው ይተኛል። መለያው በፍሬው ልባስ ላይ ነው። የቆየና ያፈራ አንድ ፈልጊልኝ። የት፣ መቼ፣ በማን እጅ እንደተሰበሰበ ጻፊበት፤ የሰብሳቢው ስም ከሌለው ግን ለኛ እንጨት ብቻ ነው።”

ሰፍነግ እስኪያፈራ ድረስ የቆየበት ዛፍ በወዲህ ዳር አልነበረም፤ ውኃው በበጋ በሸሸ ቁጥር ሴቶች የተጋለጠውን ዛፍ ሁሉ ለማገዶ ስለሚቆርጡት። የቀረው በማዶው በኩል ውኃ መካከል የቆመው ያ ሾላ ብቻ ነበር፤ አክሊሉ በበጋ ይወጣል፤ በክረምት ይሰጥማል። ትእዛዙም በማዶ አክስት ነበረችው፤ በዚያ ዘመን ሐይቁ የሁለት ዳር ሰው መረብ የሚጥልበት አንድ ውኃ ነበረና።

“ለሰርጉ ስንቱ ነገር ጎድሎ፤ አንቺ የምትልኪኝ ለእከክ ነው?” አላት ትእዛዙ መቅዘፊያውን እያነሳ።

“እከኩ ስም ቢወጣለት አገር ይጠራዋል። አንተን ከእናትህ በቀር ማን ያውቅሃል?”

ትእዛዙ እስኪያስለው ሳቀ። “እንግዲያው በስሜ ታስጠሪኝ እንደሆነ እሄዳለሁ፤” አለና ጀልባውን ገፋ። ያንን ቃሏን ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ እንደ ሰፍነጉ መርፌ ከሥጋዋ ልትነቅለው ሞከረች፤ አልነቀል አላት።

ያን ሰኞ አያ የሻምበል ከማዶ ሲመለሱ በጀልባቸው ወለል ላይ፤ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ፤ አንድ ክንድ የሚያክል የሾላ ቅርንጫፍ ነበረ። ቅርፊቱ ግራጫ ነው፤ ሥሩ ሲላጥ ቢጫ ፍሬ እንደ ጤፍ ተነጥፎበታል።

“ልጁ ምን አለሽ መሰለሽ፤” አሉ አያ የሻምበል፤ “‘ይህ ታናሹ ነው፤ ነገ ታላቁን ይዤ እመጣለሁ’ አለሽ።”

ለተሥላሴ ቅርንጫፉን ወደ ብርሃን አነሳችው። “ከስንት ክንድ ጥልቀት ቆረጠው?” አለች።

“ሁለት ክንድ ነው ያለኝ።”

“በመጋዝ ነው በመጥረቢያ?”

“በመጥረቢያ።”

ይህን ሁሉ ጠየቀች፤ ደኅና ነው ወይ ብላ ግን አልጠየቀችም። ነገ ይመጣ የለም? ሰው ነገ የሚመጣን ሰው ስለ ደኅንነቱ ዛሬ አይጠይቅም።

በማግሥቱ ትእዛዙ አልመጣም፤ ነፋስ ነው ተባለ። በዚያው ሌሊት በሰሜን ጦርነት ተጀመረ፤ ረቡዕ ስልኩ ዝም አለ፤ ባንኩ ተዘጋ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ጀልባዎቹ ወደ የብስ ተጎተቱ፤ ሐይቁም ድንበር ሆነ። አሳው ብቻ እንደ ልቡ ይሻገር ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘጠኝ ወር ለተሥላሴ ቅርንጫፉን ከአልጋዋ ራስጌ ሰቅላ አሳለፈችው። በሐይቁ ዳር እየቆመች ማዶውን ታያለች፤ ማዶው ቅርብ ነው፤ የከብት ጩኸት ይሰማል፤ ጭስ ሲወጣ ይታያል፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ የማን ሰው እንደሆነ ግን አይለይም። እናቷ፤ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት፤ በኽምጣና ቋንቋ “ልጄ፤ ዓይንሽ ያልቃል፤” ይሏት ነበር፤ እሷ “የማየው ውኃውን ነው፤” ትላለች።

በነሐሴ መጀመሪያ ውጊያው ወደ ቆላው ወረደ። ለተሥላሴ ታማሚ እናቷን በበቅሎ ጭና ወደ ሰቆጣ ወጣች፤ ሰቆጣም ስትደርስ ሰዉ ዕቃውን እየቋጠረ ነበር። በዚያ ትርምስ መካከል አንድ ነገር አሰበች፤ መጽሐፉ እንስሳ እንዳይበሰብስ በአልኮል ይቀመጣል ይላል፤ ዶክተሩን ደውላ እንዳትጠይቅ ስልክ የለም፤ ቢኖርስ ትጠይቅ ነበር? አንብባዋለችና ታውቀዋለች። ከአንዲት ጠማቂ ቤት አረቄ ገዛች፤ ቅርንጫፉን ሰባብራ በትልቅ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ አስገባችና አረቄውን እስከ አፉ ሞላችበት። ወደ ገበያው ጫፍ ወደ ሰይዳ ሱቅ ሮጠች።

ሰይዳ ያን ጊዜ ስልሳ ዓመት የተጠጋት ሴት ነበረች፤ የጨርቅና የሸቀጥ ነጋዴ፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሱቁን ብቻዋን የያዘች፤ ከሰቆጣ ሰው ግማሹን ከነአያቱ የምታውቅ።

“እትዬ ሰይዳ፤ ይህን ያስቀምጡልኝ። በቅሎዋ ቀርታብኛለች፤ እናቴን ማዘል አለብኝ፤ በእግር ነው የምንሄደው፤ ጠርሙስ ይሰበርብኛል።”

“ምንድን ነው?”

“መድኃኒት ነው። ክዳኑን እንዳይከፍቱት።”

“የማን?”

ለተሥላሴ ጠርሙሱን ዘረጋችላት። “የትእዛዙ ነው። የመጨረሻ አደራው ነው።”

ሰይዳ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ተቀበለች። “አደራ ከሆነ አማና ነው። ካንቺ የተቀበልኩት ፊት ለፊትሽ ይሁን እንጂ የሚጠይቀኝ አላህ ነው። ሂጂ ልጄ፤ እናትሽን አድርሽ።”

እናቷን አደረሰች፤ ነገር ግን የደረሱበት አገር የእናቲቱ መቀበሪያ ሆነ፤ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ለመስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው በሰው አገር አረፉ። በጥር ፳፻፲፬ ዓ.ም. ለተሥላሴ ብቻዋን ወደ ሰቆጣ ስትመለስ አበርገሌ ገና አልተከፈተም ነበር፤ የቆላው ሰው በተፈናቃዮች መጠለያ በሸራ ሥር ሰፍሯል። የሰይዳ ሱቅ በትልቅ ቁልፍ ተዘግቷል፤ የመስኮቱ መስተዋት ተሰብሮ ውስጡ ባዶ መሆኑ ይታያል። ጎረቤቶቿ “አዲስ አበባ ወንድሟ ዘንድ ሄደች፤ ልጇም አብሯት ነው፤ ስልኳም አይሠራም፤” አሏት።

በመጠለያው መዝጋቢው፤ የአንገት መታወቂያ ያንጠለጠለ ጎልማሳ፤ ቅጹን ዘርግቶ ጠየቃት። “ያገባሽ ነሽ፤ ያላገባሽ፤ የፈታሽ፤ ወይስ ባልሽ የሞተብሽ?”

“የታጨሁ።”

“እንዲህ የሚል ሣጥን የለውም።”

“ታዲያ አንተ እስክሪብቶ ይዘህ የለም? ሥራለት።”

መዝጋቢው ራሱን ነቀነቀና ያላገባች በሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ከኋላዋ ተሰልፈው የነበሩ ሴቶች ሣቁ፤ ከመካከላቸው አንዲቱ፤ ጸሐይነሽ የምትባል የሦስት ልጆች እናት፤ ባሏ ያለበትን የማታውቅ፤ ሣቋን ሳትጨርስ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች።

ከዚያ ወዲያ ለተሥላሴ ዓመት ከሦስት ወር ያህል ከመጠለያው ወደ ገበያ በወረደች ቁጥር መንገዷን አዙራ በዚያ ሱቅ ደጅ ታልፍ ነበር። ሌላው ሰው የእርዳታ መኪና ይጠብቃል፤ እሷ የአንድ ቁልፍ መከፈት ትጠብቃለች። ትእዛዙን ልካዋለች፤ በዚያ ጠርሙስ ውስጥ ካለው በቀር የላከችበት ምክንያት የለም፤ ያ ከጠፋ ሰውየውን በከንቱ ላከችው ማለት ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷም በእነዚህ ቃላት አልተናገረችውም፤ እግሯ ግን ያውቀው ነበር።

የሰላሙ ውል የተፈረመበት ዜና በመጠለያው የተሰማው ጥቅምት ፳፫ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም. ነው፤ ቅርንጫፉ ሐይቁን ከተሻገረ ልክ በሁለት ዓመቱ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ለተሥላሴ ቀኑን ቆጠረችና ተቀመጠች።

ሰይዳ የተመለሰችው በሚያዝያ ነው። ለተሥላሴ በሩ ተከፍቶ ስታይ ቀሚሷን አስተካክላ ገባች።

“እንኳን በሰላም መጡ፤ እትዬ ሰይዳ።”

“አልሐምዱሊላህ። አንቺስ ልጄ? እናትሽስ?”

“አርፋለች።”

“አላህ ያጽናሽ።” በመደርደሪያው ላይ ለተሥላሴ ጠርሙሷን አየችው፤ ታጥቦ ጠርቷል፤ እርድ ተሞልቶበታል።

“በውስጡ የነበረውስ?” አለች።

“አረቄውን ነው የምትጠይቂኝ?” የሰይዳ ፊት ጠቆረ። “ዋሽተሽኛል። መድኃኒት አልሽኝ። ከደጄ ፈቀቅ ሳትይ ነው ሽታው የመጣው። እኔ በዚህ ቤት ሠላሳ ዓመት የሰገድኩ ሴት ነኝ፤ እንኳን ጠርሙሱን፤ ጠጥቶ የመጣ ገበያተኛ ከበሩ አላሳልፍም። ቦይ ውስጥ ደፋሁት።”

“የሰው አደራ ይደፋል? አማና ነው ብለውኝ! እኔ ሞኟ አምኜ…”

“አደራሽ አረቄው ነበር እንዴ?”

“ቅርንጫፉ ነዋ! ቅርንጫፉ!”

“ቅርንጫፉንማ ማን ደፋው?” ሰይዳ ወደ ጓዳ ገብታ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዛ ወጣችና ባንኮኒው ላይ ጓ አድርጋ አስቀመጠችው። “ሐራሙን ደፋሁ፤ አማናውን አስቀመጥኩ። እኔ ሁለቱን መለየት አያቅተኝም፤ ያቀላቀልሽው አንቺ ነሽ። ሦስት ጊዜ በውኃ አለቀለቅሁት፤ በጥላ አደረቅሁት፤ በወረቀት ጠቀለልኩት። ከዚህ ከተማ ስወጣ የልጄን የሙናን የሰርግ ፎቶ ሳልይዝ ይህን የማገዶ እንጨት ታቅፌ ወጣሁ። ሱቁን ባዶ አድርገውት አገኘሁት፤ ያንቺ እንጨት ግን ይኸውልሽ።”

ለተሥላሴ ጣሳውን ከፈተች። ቅርንጫፉ እንደ አጥንት ደርቋል። “በአልኮል መሆን ነበረበት፤” አለች በሹክሹክታ። “ሞቷል።”

“ሞቶ ከሆነ ገደልሽብኝ በይኝ፤ እቀበላለሁ። ሳታጣሪ ግን አትበይኝ።”

በዚያ ቀን ሰቆጣ ላይ ስልክ ይሠራ ነበርና ለተሥላሴ ያን የቆየ ቁጥር ደወለች። ዶክተር ወልደ ጻድቅ ሲያነሱ ድምጿን ለዩት። ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው፤ የአረቄውን ሳትደብቅ፤ ይህም ለእሷ ቀላል አልነበረም።

“አረቄው የት የተገዛ ነው?” አሉ።

“ከሰፈር።”

“እሱማ ግማሹ ውኃ ነው። ሁለት ዓመት በዚያ ውስጥ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ የምታገኚው ጭቃ ነበር። ለተሥላሴ፤ ስሚኝ፤ ያፈራ ሰፍነግ መድረቅን አይፈራም። የቧንቧ ውኃ እንዳትነኪ፤ መድኃኒት አለበት። የተከዜን ውኃ ፈልጊና አስገቢው።”

የተከዜን ውኃ ያመጡት አያ የሻምበል ናቸው። ወደ ሐይቁ ከተመለሱት የመጀመሪያዎቹ ነበሩ፤ በግንቦት መጀመሪያ ሃያ ሊትር ጀሪካን በመኪና ጭነው ሰቆጣ ወጡ፤ ከውኃው ጋር ግን ወሬ ይዘው ነበር። ከሱቁ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቆባቸውን በጉልበታቸው አደረጉ።

“ማዶ ተሻግሬ ነበር። አክስቲቱን አገኘኋት።”

ለተሥላሴ ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠች።

“ያን ማክሰኞ ነፋስ ያዘው፤ ረቡዕ ለታ ውኃው ተዘጋ። አንድ ወር ያህል አክስቱ ቤት ተቀመጠ። በኅዳር ማለቂያ ‘ወደ ላይ ወጥቼ በእግር የምሻገርበት ብፈልግ ይሻላል’ ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ወደ ሱዳን ከተሻገሩት ጋር አይቼዋለሁ ያለ አንድ አለ፤ የለም ሌላ ሰው ነው ያለም አለ። እኔ የሰማሁትን ነው የምነግርሽ፤ አልጨምርም አልቀንስም።”

“ታላቁስ?” አለች ለተሥላሴ።

“እ?”

“ታላቁ ቅርንጫፍ። ነገ ይዤ እመጣለሁ ያለው።”

ሽማግሌው ወደ መሬት አዩ። “ቆርጦት ነበር። አክስቲቱ ጣራ ሥር ሰቅሎት ሄደ። በሁለተኛው ክረምት ማገዶ ሲጠፋ አነደደችው። እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን በምን ታውቅ፤ ስትነግረኝ አለቀሰች።”

ሰይዳ ከውስጥ ወጥታ ጀሪካኑን አነሳች። “ነይ፤” አለቻት፤ “ውኃው ሳይሞቅ።”

እርዱን ከጠርሙሱ ገለበጡ፤ አጠቡት፤ የተከዜን ውኃ ሞሉበት፤ ከቅርንጫፉ አንድ ቁራጭ አስገቡበት፤ በሱቁ መስኮት ፀሐይ በማያገኘው ብርሃን በሚያገኘው ጥግ አስቀመጡት። የሰቆጣ ሰው መጥቶ ያየዋል፤ ይሳለቃል፤ ይሄዳል። አንዱ “እትዬ ሰይዳ፤ እንጨት መቀቀል ጀመሩ?” ይላል፤ ሌላው “ቡቃያው ሲወጣ ጥሩኝ፤” ይላል። አንዲት ደግ ሴት ደግሞ የለተሥላሴን እጅ ይዛ፤ “አይዞሽ፤ ይህ ደርቆ ከዳነ እሱም ይመጣል፤” አለቻት።

“ሰው ሰፍነግ አይደለም፤ እመቤቴ፤” አለች ለተሥላሴ። “ሰው ሁለት ዓመት በጣሳ አይተኛም።” ሴትዮዋ ተቀየመች፤ ለተሥላሴም ያን ዕለት ምሳዋን ሳትበላ ዋለች።

በአሥራ አንደኛው ቀን፤ ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ፤ ሰይዳ መነጽሯን ስትጠርግ በጠርሙሱ ውስጥ አንድ ነገር አየች። “ለተሥላሴ! ይህ አቧራ ነው?”

ከቅርንጫፉ ቁራጭ ጎን፤ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ፤ ከጤፍ የማትበልጥ ነጭ ነጥብ ተጣብቃለች፤ ዙሪያዋ እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ። ለተሥላሴ ከገበያ የገዛችውን አጉሊ መነጽር አስጠጋች፤ ነጭ ነጥቧ በመካከሏ አንዲት ቀጭን ቀዳዳ ነበራት፤ በዚያች ቀዳዳ በውኃው ውስጥ ያለው ብናኝ እየተገፋ ይወጣል። ትጠጣለች፤ ትተፋለች። ሁለቱ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ አጎንብሰው ተራ በተራ አዩዋት።

“አልዋሽሽም፤” አለች ሰይዳ በመጨረሻ፤ “እኔ የደፋሁት ለአላህ ብዬ ነው እንጂ ለትምህርት ብዬ አይደለም።”

“አውቃለሁ፤ እትዬ።” ከዚያም በሕይወቷ ብዙ ጊዜ ያላለችውን አለች። “ይቅር ይበሉኝ።”

በሰኔ ዶክተር ወልደ ጻድቅ ማይክሮስኮፓቸውን በጀርባቸው አዝለው በሚኒባስ ሰቆጣ ገቡ፤ ቀጭን፤ ራሰ በራ፤ አቧራ የጠጣ ጃኬት የለበሱ ሰው። በሱቁ ባንኮኒ ላይ ከጨርቅ ጣቃዎች መካከል መሣሪያቸውን ተከሉ። ፍሬዎቹን በበረኪና አሟምተው አዩ፤ ከዚያ ቦታውን ለለተሥላሴ ለቀቁላት። በፍሬው ልባስ ላይ ያሉት መርፌዎች እንደ ገላው መርፌ የሾሉ አይደሉም፤ ሁለት ጥርሳም ጎማ በአንድ አጭር ዘንግ ዳርና ዳር የተሰካባቸው ይመስላሉ።

“ወገኑ ይታወቃል፤” አሉ ዶክተሩ፤ “በዓባይ ውኃ ውስጥ ዘመዶች አሉት። ዝርያው ግን የጎማው ጥርስ ቁጥር እኔ ከማውቃቸው ከየትኛውም አይገጥምልኝም። አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። በየአገሩ ሙዚየም ከተቀመጡት ጋር እስኪነጻጸር ዓመታት ይፈጃል።”

“እስከዚያ ምን ተብሎ ይጻፋል?”

“ዝርያው ያልተወሰነ።”

“እንዲህ የሚል ሣጥን አላችሁ?”

“አለን እንጂ። ከመዝገባችን ብዙው በእርሱ ውስጥ ነው።”

ለተሥላሴ በመራራ ሣቅ ሣቀች፤ ዶክተሩ ምክንያቱን አላወቁም። “ለሰፍነግ አላችሁ፤” አለች፤ “ለሰው ግን የለም።”

ዶክተሩ የመለያ ወረቀቱን አውጥተው ቦታውንና ቀኑን እየጠየቁ ጻፉ። ሰብሳቢ የሚለው ላይ ሲደርሱ እስክሪብቷቸውን አቆሙ። “ያንቺን ልጻፍ? ያገኘሽው አንቺ ነሽ፤ ያቆየሽውም አንቺ ነሽ።”

“ያቆዩት እትዬ ሰይዳ ናቸው። የቆረጠው ትእዛዙ ካሤ ነው። በስሜ ታስጠሪኛለሽ ብሎኝ ነው የሄደው፤ የሱን ይጻፉ።”

“እሱ…” አሉ ዶክተሩ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፤ “ሰብሳቢው በሕይወት ከሌለ ከስሙ ጎን ትንሽ መስቀል እናደርጋለን። ደንብ ነው።”

ለተሥላሴ ወደ ጠርሙሱ አየች። “አለ አላልኩም፤” አለች፤ “የለምም አላልኩም። ስሙን ብቻ ይጻፉ።”

ስሙን ብቻ ጻፉ።

ያ መለያ ዛሬ በአንድ ዩኒቨርሲቲ መሳቢያ ውስጥ፤ ከአንድ ጣት የማይበልጥ እንጨት ጋር ታስሮ ይገኛል። እንዲህ ይላል፦ ተከዜ ሐይቅ፤ በሁለት ክንድ ጥልቀት፤ ከሰጠመ ሾላ ላይ፤ ሰብሳቢ ትእዛዙ ካሤ፤ የተሰበሰበው ጥቅምት ፳፫ ቀን ፳፻፲፫፤ ፍሬው በውኃ ውስጥ ያቆጠቆጠው ግንቦት ፲፯ ቀን ፳፻፲፭፤ ዝርያው ያልተወሰነ። በሁለቱ ቀኖች መካከል ምን እንደነበረ መለያው አይናገርም፤ የሚያነበውም ተመራማሪ ይህን ያህል ጊዜ ለምን በደረቅ እንደቆየ ቢደነቅ እንጂ አይጠይቅም። የዚያን ጦርነት ታሪክ የጻፉና የሚጽፉ ሰዎችም ከተሞች መቼ እንደተያዙና መቼ እንደተለቀቁ በቀን በቀኑ አስፍረዋል፤ አንድ ማክሰኞ በተከዜ ላይ ነፋስ እንደነበረ ግን ያሰፈረ የለም። የሰፍነጉ መዝገብ ጦርነቱን አያውቅም፤ የጦርነቱ መዝገብ ሰፍነጉን አያውቅም፤ የለተሥላሴም ስም በመጠለያው ቅጽ ላይ ያላገባች በሚል ሣጥን ውስጥ ሲገኝ፤ በሰፍነጉ መለያ ላይ ጨርሶ አይገኝም።

እሷ ወደ ሐይቁ ተመልሳለች። ቢላዋዋን በዚያው ድንጋይ ትስላለች፤ ምላሷም አልደነዘዘም፤ አስጋሪዎቹ ከሰጠመ ዛፍ ላይ ቅርፊት ባገኙ ቁጥር ያመጡላታል፤ እሷም በጠርሙስ ታደርገዋለች፤ ያለ አረቄ። ጥልቀቱንም፣ መቁረጫውንም፣ ሰዓቱንም ጠይቃ በደብተሯ ትጽፋለች፤ ነገር ግን ከማዶ የመጣ ጀልባ ዳር ሲነካ፤ የጫነው ቅርፊት የቱንም ያህል ቢያጓጓት፤ ቀዛፊው ገመዱን ሳያስር ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው አንድ ነገር አለ።

“ደኅና ናቸው ወይ፤” ትላለች፤ “ማዶ ያሉት?”